ከፍሎ መታሰር፦ በርካሽ አየር መንገድ የረዳት አብራሪነት ውል

ጥያቄ፦ የንግድ አብራሪነት ፈቃድና 210 የበረራ ሰዓት አለኝ። በምሥራቅ አፍሪካ ሥራ የጀመረ አንድ ርካሽ አየር መንገድ በረዳት አብራሪነት ሊቀጥረኝ ነው። የኤርባስ ኤ320 ታይፕ ሬቲንግ (አንድን የአውሮፕላን ዓይነት ለማብረር የሚያበቃ ሥልጠናና ፈቃድ) ወጪውን ግን ራሴ እንድሸፍን፣ ለ3 ዓመትም የማገልገል ግዴታ እንድፈርም ይጠይቃል። ወዳጆቼ «ነገ ይዘጋል» ይሉኛል። ልግባ?

መልስ፦ ሊዘጋ ይችላል። ርካሹ አየር መንገድ ፋስትጄት በኖቬምበር 2012 እ.ኤ.አ. ከዳሬሰላም ወደ ምዋንዛና ኪሊማንጃሮ መብረር ሲጀምር መነሻ ዋጋው ከታክስ ውጪ 32,000 የታንዛኒያ ሽልንግ ነበር። ትኬቱ የሚሸጠው በሽልንግ ነበር፤ የአውሮፕላን ኪራይ፣ ነዳጅና መለዋወጫ ግን ዶላር ይጠይቃሉ። በዚህ ላይ 156 መቀመጫ ያለውን ኤ319 በየዕለቱ የሚሞላ መንገደኛ አልተገኘም። በ2016 ኩባንያው ወደ አነስተኛው ኤምብራየር 190 ዞረ። በዚያው ዓመት መንግሥት የራሱን አየር መንገድ ኤር ታንዛኒያን በአዳዲስ ኪው400 አውሮፕላኖች አነቃቃ። በዲሴምበር 2018 የአገሪቱ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን የኩባንያውን ዕዳ ጠቅሶ የእግድ ማስጠንቀቂያ ሰጠ፤ የታንዛኒያ በረራውም ቆመ።

ለእርስዎ ከ2018 ይልቅ 2016 ይበልጥ ያሳስባል። በኤ319 ሬቲንግ ኤምብራየር አይበረርም፤ ስለዚህ ድርጅቱ ሳይዘጋም ገንዘብዎ ሊባክን ይችላል። በዚህ ረገድ የቀረበልዎ መጥፎ አይደለም፤ የኤ320 ሬቲንግ ከኤ318 እስከ ኤ321 ያሉትን ስለሚሸፍን ገበያው ሰፊ ነው።

ውሉን ግን እንዳለ አይፈርሙ። ሥልጠናውን የከፈሉት እርስዎ ከሆኑ አገልግሎት የሚያስገድድዎ ነገር ምንድን ነው? ከፍሎ ደግሞ መታሰር ሁለት ጊዜ መክፈል ነው። ግዴታው የግድ ከሆነ በየወሩ 1/36ኛ እየቀነሰ ይሂድ፤ ደመወዝ 2 ወር ካልተከፈለ፣ የአውሮፕላን ዓይነት ከተቀየረ ወይም የአየር መንገዱ የበረራ ፈቃድ ከታገደ ግዴታው ይሰረዝ። ክፍያውን በቀጥታ ለማሠልጠኛው፣ በየምዕራፉ ይፈጽሙ፦ ንድፈ ሐሳብ፣ ሲሙሌተር (መሬት ላይ ያለ የበረራ ማስመሰያ)፣ ከዚያ በአውሮፕላኑ ላይ የሚደረገው። በአየር መንገዱ በኩል ከከፈሉና ከከሰረ፣ ዋስትና የሌለው ገንዘብ ጠያቂ ሆነው ከባንኩና ከግብር ሰብሳቢው ኋላ ይሰለፋሉ።

ቀጥሎ ስንት አውሮፕላንና ስንት አብራሪ እንዳላቸው ይጠይቁ። ለአንድ አውሮፕላን በተለምዶ ከ4 እስከ 6 ጥንድ አብራሪ ይበቃል። በ2 አውሮፕላን 40 አብራሪ ከቀጠሩ፣ አንዱ ለከባድ ጥገና ሲገባ እርስዎ ቤት ይቀመጣሉ። ሰዓት ያልተጠራቀመበት ሬቲንግ ደግሞ ብዙም አይሸጥም፤ ብዙ ቀጣሪዎች በዚያው የአውሮፕላን ዓይነት 500 ሰዓት ይፈልጋሉ። የተረጋገጠ ዝቅተኛ ወርኃዊ ሰዓት በውሉ ይጻፍልዎ።

ከገቡ በኋላ ሎግቡክዎን (የበረራ ሰዓት መዝገብዎን) በየወሩ ያስፈርሙ፤ የሲሙሌተር ፈተና ቅጾችንም ቅጂ ይያዙ። ቢሮው ከተዘጋ የሚያረጋግጥልዎ የለም። በ90 ቀን ውስጥ 3 መነሳትና 3 ማረፍ ካልፈጸሙ መንገደኛ ይዘው መብረር አይችሉም። ሬቲንጉም በ12 ወር ያልፋል፤ ለማደስ የሲሙሌተር ኪራይ ከኪስዎ ይወጣል። ያንን የሚያህል ገንዘብ ከመጀመሪያው ደመወዝ ጀምሮ ለብቻው ያስቀምጡ።

ነዳጅ አቅራቢው በዱቤ አልሰጥም ሲል፣ ከአንዱ አውሮፕላን ዕቃ ተፈትቶ ለሌላው ሲገጠም፣ ከደመወዝዎ የተቆረጠ የጡረታ መዋጮ ገቢ ሳይደረግ ሲቀር ማመልከቻዎን በዚያው ሳምንት ይላኩ። ከተዘጋ በኋላ ከላኩ የሚወዳደሩት ከሥራ ባልደረቦችዎ ሁሉ ጋር፣ በአንድ ቀን ነው።