እርጥብ ጭቃና ደረቅ አሸዋ

አንዲት ጀማሪ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት በቅርቡ እንዲህ ስትል ጠየቀችኝ፦ «አንድ ልጅ ሲረበሽብኝ እጁን ጭቃ ውስጥ እከትለታለሁ፤ ወዲያው ዝም ይላል። በቀን ስንት ጊዜ ላድርገው?» መልሱን ልጽፍ ተቀምጬ ሁለት ሌሊት አለፈ።

በእሷ ዕድሜ ሳለሁ አንድ የ5 ዓመት ተማሪ ነበረኝ። ጫጫታ ሲበዛ ጆሮውን ይይዛል፤ ሳያስበው ከነኩት ይማታል። እኔ ገና ከሥልጠና መውጣቴ ነው። የኦኩፔሽናል ቴራፒ (ሰው የዕለት ተዕለት ተግባሩን እንዲችል የሚያግዝ ሕክምና) ባለሙያዋ ጂን ኤይርስ ስለ ስሜት ሕዋሳት ቅንጅት፣ ማለትም አንጎል ንክኪን፣ ድምፅንና እንቅስቃሴን እንዴት እንደሚያቀናጅ፣ ያስተማረችውን ሰምቼ፣ ንክኪ ያረጋጋል የሚለውን ብቻ ይዣለሁ። ያው ንክኪ አንዳንዱን ልጅ እንደሚያስበረግግም ተናግራ ነበር፤ ያንን ጥዬዋለሁ።

ጭቃ በሳፋ አቀረብኩለት። እጁን ከጀርባው ደበቀ። ባባብለውም እምቢ አለ። የእጁን አንጓ ይዤ ጣቶቹን ከተትኳቸው። አልጮኸም። ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተክሎ፣ ትንፋሹን ውጦ ቀረ። በማስታወሻ ደብተሬ ላይ «ተረጋጋ» ብዬ ጻፍኩ። ደብተሩ ዛሬም አለ።

ቀኑን ሙሉ እጁን ሱሪው ላይ ሲጠርግ ዋለ። በማግስቱ የሹራቡን እጅጌ ጣቶቹ እስኪሸፈኑ ድረስ ጎትቶ መጣ፤ በተጠጋሁት ቁጥር ጫፉን በጥርሱ ይነክሰዋል።

መላውን ያገኘችው የግቢው ጽዳት ሠራተኛ ናት። ሕፃናቱን ሁሉ «አለቃዬ» ነበር የምትላቸው፤ የእኛን ኃላፊ ግን አንድም ቀን እንዲያ ስትለው አልሰማሁም። ለዚያ ልጅ ደረቅ አሸዋና ሁለት ኩባያ ሰጠችው። አሸዋውን በእጁ ሳይነካ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲገለብጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆየ። ከዚያ አሸዋ የሞላ ባልዲ እንዲገፋላት ጠየቀችው። ትከሻው ወረደ፣ ትንፋሹ ረዘመ። እንዲያውም ያንጎራጉር ጀመር።

በኋላ እንደገባኝ፣ ቀለል ያለ ድንገተኛ ንክኪና የሚያጣብቅ ነገር ሰውነትን ያነቃል፤ መግፋት፣ መጭመቅ፣ ጠበቅ ያለ ጫና ግን ብዙ ልጆችን ያሰክናል።

የዛሬ ወጣት መምህራን በስልክ ያያችሁትን ባለቀለም መጫወቻ ታከማቻላችሁ፤ ልጁን ከማየት ይልቅ ትቀርፁታላችሁ። እኔም ብሆን መሳቢያዬ ውስጥ የሚጨመቅ የጎማ ኳስ አለኝ፤ ለልጆቹ ብቻ ነው ብል እዋሻለሁ። በውኃ የሚያብጡትን ትንንሽ ዶቃዎች ግን አታስገቡ፤ ልጅ ከዋጣቸው ሆዱ ውስጥ አብጠው አንጀቱን ሊዘጉት ይችላሉ። ውኃ አጠገብ ሕፃን ብቻውን እንደማይተው አልነግራችሁም።

የልጅን እጅ ከቶ አትያዙ ልል አስቤ ነበር። ሆኖም ከዚያ ወዲህ እጃቸውን ይዤ ያስጀመርኳቸው አሉ፤ በእነሱ አልጸጸትም። እጃቸው ወደ እኔ ይመጣ ነበር።

አንቺ ጠያቂዬ፣ ስንት ጊዜ የሚለውን ተይው። ነገ ሳፋውን ወለል ላይ አኑሪና ራስሽ ተጫወቺ። ልጁ ካልመጣ አትጥሪው። ከመጣ ማንኪያ ስጪውና ትንፋሹን አዳምጪ።