ዲዲቲው የት ገባ? ስለ ውሃ፣ አየርና ብስባሽ ጥያቄና መልስ

ሥራዬ የአፈርና የውሃ ናሙና መመርመር ነው። ጥያቄዎቻችሁን አንድ በአንድ አነበብኳቸው። አብዛኞቹ እንደ ዲዲቲ ስላሉ ፀረ ተባዮች፣ ጥቂቶቹ ስለ ነዳጅ ናቸው። ዞረው ዞረው ግን አንድ ቦታ ይገጥማሉ፦ ኬሚካሉ ከተጣለ በኋላ የት ነው የሚሄደው?

ሐዋሳ ነው የምኖረው። የሐይቅ ውሃ ተመርምሮ ዲዲቲ አልተገኘበትም ይባላል። ዓሣው ውስጥ ግን ተገኘ ይባላል። የቱን እንመን?

ሁለቱንም። ቅቤ ሲነጠር አስቡት። የኮረሪማውና የኮሰረቱ መዓዛ ቅቤው ውስጥ ገብቶ ወራት ይቆያል። ያንኑ ቅመም በውሃ ብታፈሉት ቤቱ ይታወዳል እንጂ ውሃው መዓዛውን ይዞ አይቆይም። የቅመሙ ዘይት ከውሃ ጋር አይስማማም። ስብ ካገኘ እዚያ ይቀመጣል፣ ካላገኘ ወደ አየር ይወጣል።

ዲዲቲም እንደዚሁ ነው። አንድ ሊትር ውሃ የሚያሟሟው ዲዲቲ በማይክሮ ግራም የሚቆጠር ነው። ሐይቅ ውስጥ ስብ መሰል ማረፊያ ደግሞ ሞልቷል። አንዱ የዓሣው ስብ ነው። ሌላው፣ ብዙ ሰው የሚረሳው፣ ከታች ያለው ደለል ነው። ደለሉ ውስጥ የበሰበሰ ቅጠል፣ ሥርና አልጌ አለ። ኬሚካሉን የሚይዘው ይህ ብስባሽ እንጂ አሸዋው አይደለም።

በቁጥር እንየው። የዲዲቲ መጠን በብስባሹ ካርቦን ላይ በውሃው ካለው በመቶ ሺዎች እጥፍ ይበልጣል። ለስሌታችን 200,000 እንውሰድ። ከደለሉ ክብደት 2 በመቶው ካርቦን ቢሆን፣ አንድ ኪሎ ደረቅ ደለል አንድ ሊትር ውሃ የሚይዘውን 4,000 እጥፍ ይይዛል ማለት ነው። አሁን ማሰሮ ውስጥ አንድ ሊትር ውሃና 100 ግራም ደለል አድርጉ። ሁሉም ቦታ ቦታውን ሲይዝ፣ ውሃው ውስጥ የሚቀረው ከ400 እጅ አንዱ ብቻ ነው።

ስለዚህ ውሃውን ብቻ ቀድቶ መርምሮ "ሐይቁ ንጹህ ነው" ማለት ያሳዝነኛል። ከሐዋሳ፣ ከዝዋይና ከቆቃ ሐይቆች በተወሰዱ ዓሦች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ዲዲቲንና ከእሱ የሚወጡትን ኬሚካሎች አግኝተዋል። እኔን ብትጠይቁኝ መጀመሪያ ጭቃውን ነው የምመረምረው።

ዓሣ መብላት ተዉ እያልኩ ግን አይደለም። ስብ የበዛባቸውና ሌሎች ዓሦችን የሚበሉ ዝርያዎች የበለጠ ይይዛሉ። ቆዳውንና ስቡን አንስቶ ማብሰል መጠኑን ይቀንሳል።

የኬሚስትሪ ተማሪ ነኝ። መምህራችን ስለ ኦክታኖልና ውሃ ምጥጥን ያወራል። በተፈጥሮ ውስጥ ኦክታኖል የት አለና?

ጥሩ አድርገህ ጠየቅህ። ኦክታኖል ምትክ መለኪያ ነው። ስምንት ካርቦን ያለው አልኮል ሲሆን ዘይት ይመስላል፣ ከውሃ ጋር አይቀላቀልም። ኬሚካሉን ሁለቱ ባሉበት ጠርሙስ ውስጥ ትጨምራለህ፣ ታወዛውዛለህ፣ ታስቀምጣለህ። ከዚያ በየክፍሉ ያለውን መጠን ለክተህ የኦክታኖሉን በውሃው ታካፍላለህ። ለቤንዜን 135 ገደማ ይወጣል። ለዲዲቲ ከአንድ ሚሊዮን ያልፋል። የዓሣ ስብም ሆነ የአፈር ብስባሽ ኬሚካሎችን ከሞላ ጎደል በዚሁ ቅደም ተከተል ስለሚይዙ ነው ቁጥሩ የሚጠቅመን። ቅደም ተከተሉ ይመሳሰላል እንጂ መጠኑ አንድ አይደለም። ፈተና ላይ ይህን እንዳትረሳ።

ግቢያችን ውስጥ ቤንዚን ተደፋ፣ ጉድጓድ ውሃም አለን። ቤንዚን ተንኖ ይጠፋል አይደል?

ከፊሉ ይተናል። ቃሉን ግን እንለይ። ቤንዚን የምንለው ነዳጅ የብዙ ኬሚካሎች ድብልቅ ነው። ከውስጡ በጣም የሚያሳስበኝ ቤንዜን ነው፣ ካንሰር አምጪ መሆኑ የተረጋገጠ።

ቤንዜን አየርን በደንብ ይወዳል። ግማሹ ውሃ፣ ግማሹ አየር በሆነ የተዘጋ ጀሪካን ውስጥ፣ በ25 ዲግሪ ሙቀት፣ ከቤንዜኑ 18 በመቶ ያህሉ አየሩ ውስጥ ይሆናል። ጀሪካኑ ክፍት ከሆነ የወጣው አይመለስም፣ እየወጣ እየወጣ ያልቃል። ገንዳና ወንዝ ላይ ቶሎ የሚቀንሰው በዚህ ነው።

ጉድጓዱ ግን ክፍት አየር አይደለም። ቤንዜን ከዲዲቲ በጣም በተሻለ ውሃ ውስጥ ይሟሟል፣ ብስባሽም አጥብቆ አይዘውም። ብስባሽ በሌለው አሸዋማ መሬት ውስጥ ከከርሰ ምድር ውሃው ጋር ይጓዛል። እባካችሁ ውሃው እስኪመረመር አትጠጡት። ማፍላትም መፍትሔ አይደለም፤ የወጣውን እንፋሎት ወጥ ቤት ውስጥ ትተነፍሱታላችሁ።

ዲዲቲ የማይተን ከሆነ ሰሜን ዋልታ እንዴት ደረሰ?

በጣም ትንሽ ይተናል። ትንሽ የሆነው ግን ለዓመታት ሲደጋገም ብዙ ነው። በሞቃት አገር ከአፈሩ ይነሳል፣ በነፋስ ይሄዳል፣ ብርድ ሲያገኘው ያርፋል። ሲሞቅ እንደገና ይነሳል። እንደ አንበጣ ዘለል ዘለል እያለ ነው የሚሄደው። ቅዝቃዜ ኬሚካሉን ከአየር ወደ ውሃ፣ ወደ በረዶና ወደ ብስባሽ ይገፋዋል። ለአንድ እርሻ እንኳ ዲዲቲ ረጭተው በማያውቁት በኢኑዊቶች፣ በሰሜን ዋልታ አካባቢ ነዋሪዎች፣ ሰውነት ውስጥ የተገኘው ዲዲቲ የመጣው በዚህ መንገድ፣ በአቆስጣና በዓሣ ነባሪ ስብ በኩል ነው። ይህ ግፍ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ክረምት ላይ ወንዛችን እንደ ሻይ ይቀላል። ያ ቀለም ብክለት ነው?

መቅላቱ ብቻውን ብክለት አይደለም። ውሃው ሲያርፍ የሚጠል ከሆነ አፈር ነው። ሳይጠል ቡናማ ሆኖ ከቀረ የተሟሟ ብስባሽ ነው። ይህ የተሟሟው ነው ሥራችንን የሚያከብደው። ኬሚካሉን አዝሎ እንደ ጀልባ ይዞት ይሄዳል። አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ 10 ሚሊ ግራም እንዲህ ያለ ካርቦን ካለ፣ ከዲዲቲው እስከ ግማሽ ድረስ እሱ ላይ ሊሳፈር ይችላል። በላቦራቶሪ ማጣሪያ ስለሚያልፍ "ውሃ ውስጥ የተሟሟ" ተብሎ ይቆጠራል። በተሳፈረበት ሰዓት ግን የዓሣውን ስንጥብ አያልፍም። ስለዚህ ሁለት ወንዞች እኩል ቁጥር ቢያሳዩም፣ ለዓሣው እኩል አደጋ ላይሆኑ ይችላሉ።

ጤፍ ላይ ቱፎርዲ የሚባለውን አረም ማጥፊያ እንረጫለን፣ አልፎ አልፎ ደግሞ ራውንድ አፕ የሚባለውን። እነሱም ብስባሽ ውስጥ ይቀራሉ?

እዚህ ላይ የኦክታኖሉ ሕግ ይሰበራል። ቱፎርዲ አሲድ ነው። በተለመደ አፈር ውስጥ አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ይይዛል፣ ውሃም ይወዳል። ብስባሹ በደንብ አይዘውም። ከረጫችሁ በኋላ ዶፍ ቢጥል ወደ ጅረቱ ይወርዳል። ደመናውን አይታችሁ እርጩ፣ ከውሃ ዳርም ራቁ።

የራውንድ አፕ ግላይፎሴት ደግሞ ስብ ፈጽሞ አይወድም። በኦክታኖሉ ቁጥር ብቻ ቢፈረድበት ከውሃው ጋር ይሄዳል እንላለን። ግን አፈሩን ሙጭጭ ብሎ ይይዛል። የያዘው ብስባሹን ሳይሆን የብረትና የአሉሚኒየም ኦክሳይዶችን ነው። ቀይ አፈራችን ደግሞ በእነዚህ የታወቀ ነው። አፈሩ በጎርፍ ሲሸረሸር ግን አብሮ ይሄዳል። እርከን መሥራት ለዚህም ይጠቅማል።

ጫት ላይ ዲዲቲ ይረጫል ሲባል ሰምተናል። ማጠብ ያስለቅቀዋል?

ከላይ ያለውን ብናኝ ይቀንሳል። ቅጠሉ ሰም አለው፣ ሰሙ ውስጥ የገባውን ውሃ አያወጣውም።

ጅማ ነኝ፣ የሦስት ወር ልጅ አለኝ። በጡት ወተት ዲዲቲ ተገኘ የሚል አነበብኩ። ላቁም?

አታቁሚ፣ እህቴ። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ማጥባትን ነው፤ ጥቅሙ ከዚህ ስጋት ይበልጣል። በአካባቢያችሁ በእናት ጡትም በላም ወተትም ዲዲቲ መገኘቱ እውነት ነው። ወተት ስብ አለው፣ ኬሚካሉም ለዓመታት በሰውነት ስብ ውስጥ ከርሞ ከስቡ ጋር ይወጣል። አንቺ ያጠፋሽው ነገር የለም። ጥያቄው ለአንቺ ሳይሆን ዛሬም ዲዲቲ እርሻ ላይ ለሚረጩት መቅረብ አለበት።

ግን እኮ የወባ ርጭቱ ቆሟል። አሁን የሚገኘው የድሮው ትራፊ ይሆን?

በአገራችን የወባ ርጭት ከዲዲቲ ወደ ሌሎች ኬሚካሎች የዞረው በ2009 እ.ኤ.አ. ገደማ ነው። ቶሎ የማይጠፉ ኬሚካሎችን የሚገድበው ዓለም አቀፉ የስቶክሆልም ስምምነትም ዲዲቲን የሚፈቅደው በሽታ አስተላላፊ ነፍሳትን ለመከላከል ብቻ ነው እንጂ ለእርሻ አይደለም። ዲዲቲ አፈር ውስጥ ሲቆይ ቀስ በቀስ ዲዲኢ ወደሚባል ኬሚካል ይለወጣል። ስለዚህ ሁለቱን አብረን እንለካለን። ዲዲኢው ከበዛ አሮጌ ነው። ዲዲቲው ራሱ ከበዛ ግን አንድ ሰው በቅርቡ ከረጢት ከፍቷል ማለት ነው። ያኔ ጭቃውን ትተን ከረጢቱን መፈለግ አለብን።