ሰርቮው ገና ሲነሳ ለምን ይፈተለካል?

ጥያቄ፦ እንደምን ሰነበቱ ጋሼ? ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ የውኃ ማሸጊያ ፋብሪካ የጥገና ሠራተኛ ነኝ። የሌብል መለጠፊያችን የሚሠራው ኮንትሮልሎጂክስ በሚባል ፒኤልሲ (ማሽኑን በሚያዝ የፋብሪካ ኮምፒውተር) ነው። የሰርቮ ሞጁሉ (ሰርቮ ሞተሩን የሚቆጣጠረው ካርድ) ስለተቃጠለ ባለ ሁለት አክሲስ፣ ማለትም ሁለት ሞተር የሚያዝ፣ አዲስ ገዝተን አስገባን። የኢንኮደሩ (የሞተሩን መዞር ቆጥሮ የሚነግረው መሣሪያ) ገመድም ተበልቶ ስለነበር እኛው አዲስ ዘረጋን። ፒኤልሲው ሞጁሉን አውቆታል። ሰርቮውን ኦን ስናደርግ ግን ሞተሩ ምንም ሳናዘው በሙሉ ፍጥነት ይፈተለካል። አለቃዬ "ሞጁሉ ብልሽት አለበት፣ ይመለስ" ብሏል። ደግሞስ ኃይል ሳይጠፋ ሞጁል መቀየር ይቻላል?
የጥገና ሠራተኛዋ፣ ከሽምብጥ

መልስ፦ ሰላም እህቴ። ለአለቃሽ ንገሪልኝ፣ ለመመለስ አይቸኩል። ፒኤልሲው ካወቀው ሞጁሉን የምጠረጥረው መጨረሻ ላይ ነው። እኔ የምጠረጥረው እናንተ የዘረጋችሁትን ገመድ ነው።

ሞጁሉ ሞተሩን ለሚነዳው ድራይቭ ከ10 ቮልት ኔጋቲቭ እስከ 10 ቮልት ፖዘቲቭ ይልካል። ሞተሩ ሲዞር ኢንኮደሩ የደረሰበትን ይነግረዋል። ልዩነት ካለ ሞጁሉ ያርማል። የኢንኮደሩ ሁለት የምልክት መስመሮች፣ ኤ እና ቢ፣ ተቀያይረው ከሆነ ግን ሞተሩ ወደ ፊት ሲሄድ ሞጁሉ ወደ ኋላ የሄደ ይመስለዋል። ስለዚህ ይበልጥ ወደ ፊት ይገፋዋል። በገፋው ቁጥር ልዩነቱ ይሰፋል። የሆነባችሁ ይህ ይመስለኛል።

መጀመሪያ ሞተሩን ከቀበቶው አላቁት። የድራይቩን ብሬከር አጥፉና ቆልፉት። ኢንኮደሩ ግን ኃይሉን ማግኘት አለበት። ከዚያ አንድ ሰው ላፕቶፑ ላይ ይቀመጥ፣ አንቺ የሞተሩን ዘንግ በእጅሽ ቀስ እያልሽ አዙሪ። ስታዞሪ ላፕቶፑ ላይ የሚታየው የኢንኮደሩ ቁጥር ያለማቋረጥ ከጨመረ ወይም ከቀነሰ ኢንኮደሩ ደህና ነው፤ የሚቀረው አቅጣጫው ነው። ቁጥሩ ሁለት ቁጥሮች መሃል ወዲያ ወዲህ የሚል ከሆነ ከሁለቱ መስመሮች አንዱ አልደረሰም። ቴርሚናሉን ፍቺና ሽቦውን እይው፤ ብዙ ጊዜ ጥፍሩ የነከሰው ፕላስቲኩን ሆኖ ይገኛል። ጭራሽ ካልተንቀሳቀሰ የኢንኮደሩን ኃይል ለኪ። ምንም ምላሽ ከሌለም ሞተሩ እንዲሁ ይፈተለካል።

አቅጣጫው ከሆነ ሽቦ መፍታት ላያስፈልግ ይችላል። በፕሮግራሙ የአክሲሱ ማስተካከያ ውስጥ "ሁክአፕ" የሚል ገጽ አለ። እዚያ ያሉት ፈተናዎች የኢንኮደሩንም የውጤቱንም አቅጣጫ አይተው ያስተካክላሉ። የመጨረሻው ፈተና ሞተሩን በእውነት ያንቀሳቅሰዋል፤ ስለዚህ ቀበቶው እንደተላቀቀ ይቆይ፣ አንድ ሰው ኢመርጀንሲው ላይ እጁን ያድርግ። የሚፈተለክ ሳይሆን ቀስ ብሎ የሚንሸራተት ሞተር ቢገጥምሽ ያ ሌላ ነገር ነው፤ እሱን በኦፍሴት (የሚላከውን ቮልት ትንሽ በማካካስ) ታስተካክይዋለሽ።

ገመዱንም እዩት። ለኢንኮደር የሚሆነው ሺልድ (የኤሌክትሪክ ረብሻ የሚከላከል ሽፋን) ያለው፣ ጥንድ ጥንድ ሆኖ የተጠማዘዘ ገመድ ነው። ከሞተሩ የኃይል ገመድ ጋር በአንድ ትራንኪንግ (የገመድ ማስኬጃ) ከሄደ ደግሞ ነገ ሌላ ጣጣ ይመጣል።

ኃይል ሳይጠፋ ስለመቀየር፦ የእናንተው ኮንትሮልሎጂክስ ይፈቅዳል። የሲመንስ ኤስ7-1500 ፒኤልሲ ግን በተለመደው አገጣጠሙ አይፈቅድም፣ አጥፍቶ ነው። በሚፈቀድበትም ቢሆን የቴርሚናል ብሎኩን ኃይል እያለው ከነቀላችሁት ብልጭታ ሊፈጠር ይችላል። እኔ ማሽኑ ከቆመ ሁሉንም አጠፋለሁ፤ ምን አስቸኮለኝ? ሌላው፣ ማታ አትቀይሩ። ጣና ዳር በክረምት መብራት አብርቶ ካቢኔ መክፈት ማለት ነፍሳቱን ሞጁሎቹ ወደሚሰኩበት ራክ ማገናኛ መጋበዝ ነው። ግዴታ ከሆነም ባዶ ስሎቶቹን ሸፍኑ።

ጥያቄ፦ በካታሎጉ ልክ የገዛነው ድራይቭ ሙሉ ጭነት ላይ በሙቀት ይጠፋል። ማራገቢያውም ፊልተሩም ንጹሕ ነው።
ከባሕር ዳር

መልስ፦ ካታሎጉ ላይ ያለው አቅም ብዙውን ጊዜ እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ላለ ቦታ ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር አካባቢ ናት፤ አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ያን ያህል አያቀዘቅዝም። ብዙ አምራቾች ከ1,000 በላይ ለእያንዳንዱ 100 ሜትር 1 በመቶ ቀንሱ ይላሉ። እዚህ ወደ 8 በመቶ ይሆናል። የእናንተን ድራይቭ ማኑዋል እዩና፣ ቀጣዩን ስትገዙ አንድ ደረጃ ከፍ ያለውን ውሰዱ።