ምንም ሳያመኝ ፒኤስኤዬ ለምን ከፍ አለ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ61 ዓመት ሰው ነኝ፤ ጅማ ሂርማታ ገበያ ቡና እነግዳለሁ። ጎረቤቴ በፕሮስቴት ካንሰር ካረፈ ወዲህ ልጆቼ ወትውተውኝ ብመረመር ፒኤስኤ የሚሉት የፕሮስቴት ዕጢ የደም ምርመራ 6.8 ወጣ። ሽንቴ አያቃጥለኝም፣ አይቆራረጥም፣ ሌሊትም አያስነሳኝም። ሐኪሙ «ስሜት የሌለው የፕሮስቴት ብግነት ሊሆን ይችላል» አለኝ። የማውቀው ሰው ደግሞ ሲፕሮ የሚባለውን አንቲባዮቲክ ለአንድ ወር ዋጥ ይለኛል። ልውሰድ? እንቅልፍ አጥቻለሁ።

መልስ፦ ጋሼ፣ ሲፕሮውን አይጀምሩ። ሕመም ሳይኖር፣ በሽንት ምርመራ ኢንፌክሽን ሳይታይ ቁጥር ለማውረድ ብቻ አንቲባዮቲክ አይወሰድም። ይህ መድኃኒት በተለይ ከ60 ዓመት በላይ ላለ ሰው ከተረከዝ በላይ ያለውን ጅማት ሊጎዳ፣ ሊበጥስም ይችላል።

ፒኤስኤ ጤነኛ ፕሮስቴትም የሚያመርተው ፕሮቲን ነው፤ የዘር ፈሳሽን ያቀጥናል። ወደ ደም የሚያልፈው ጥቂቱ ነው። ዕጢው ሲቆጣ ግን መከለያው ይላላና ብዙ ይሾልካል። እርስዎ በየቀኑ የሚያዩት ነገር ነው፦ ከጆንያው ሥር ቡና ተንጠባጥቦ ቢያገኙ፣ ስፌቱ ላልቶ ይሁን አይጥ በልቶት የፈሰሰውን ፍሬ በመቁጠር አይታወቅም። 6.8ም እንደዚያው ነው። ፒኤስኤያቸው ከ4 እስከ 10 ሆኖ ከፕሮስቴታቸው ናሙና ከተወሰደላቸው ወንዶች ካንሰር የሚገኘው ከአራቱ በአንዱ ገደማ ነው።

ሐኪምዎ የጠረጠረው ብግነት ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ለሌላ ጉዳይ የተወሰደ ናሙና በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነው፤ በግምት አይረጋገጥም። ከካንሰር ጋርም አብሮ ሊኖር ይችላል። አንድ መምህር አስታውሳለሁ፤ አንቲባዮቲክ ወስደው ቁጥሩ ከ7 ወደ 5 ሲወርድ «ብግነት ነበር፣ ድኛለሁ» ብለው ሁለት ዓመት ጠፉብኝ። ሲመለሱ ካንሰሩ አጥንት ገብቶ ነበር። አጥብቄ ባለመከታተሌ ዛሬም ይቆጨኛል። ቁጥሩ ያለ መድኃኒትም ወጣ ገባ ይላል፤ መውረዱ ብቻ ነጻ አያወጣም።

አሁን ሽንትዎን ይመርመሩ። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይተው ፒኤስኤውን እዚያው ላቦራቶሪ ይድገሙ። ከምርመራው በፊት ሁለት ቀን ከግብረ ሥጋ ግንኙነትና ከብስክሌት ይታቀቡ። ፊናስተራይድ የሚባል መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነም ይናገሩ፤ ቁጥሩን በግማሽ ያህል ስለሚቀንስ ያሳስታል።

በድጋሚ ከፍ ካለ ዩሮሎጂስት (የሽንት ቧንቧና የፕሮስቴት ሐኪም) በፊንጢጣ በኩል በጣት ይመረምርዎታል፤ አያፍሩ፣ ከደቂቃ አያልፍም። ኤምአርአይ ወይም ናሙና ያስፈልግ እንደሆነ ከዚያ በኋላ ይወስናል። ሲሄዱ ሁለቱንም የውጤት ወረቀት ይያዙ፤ የመጀመሪያውን እንዳይጥሉት።