ከሌሊቱ 9 ሰዓት በረዶ የምታሳየኝ ልጄ

ውድ እህቴ፣

ትዕግሥቴ ቢያልቅ ነው የምጽፍልሽ። አንዲት ልጅ አለችኝ፤ ሚኒያፖሊስ ከሄደች 6 ዓመት ሆናት። እዚያ የዓመቱ የመጀመሪያ በረዶ በጣለ ቀን በቪዲዮ ትደውልልኛለች። ለእሷ ገና የምሽቱ 12 ሰዓት ነው፤ ለእኔ ከሌሊቱ 9። ዘንድሮ የደወለችው በኅዳር ሚካኤል ዋዜማ ነው። የኅዳርን ብርድ ታውቂዋለሽ። በጋቢው ላይ ብርድ ልብስ ደርቤም እግሬ አልሞቅ ብሎኝ፣ ገና ሸለብ ሲያደርገኝ ስልኩ ጮኸ። ሰው የሞተ መስሎኝ ልቤ ቀጥ አለ።

“እማዬ፣ በረዶ ጣለ!” ትላለች እየሳቀች። የመንገድ መብራት ሥር ቆማ በምላሷ ትቀበለዋለች። 32 ዓመቷ እኮ ነው! ከዚያ “እሺ፣ አሁን ዝም ብለሽ ስሚ” ትለኛለች። ምኑን ልስማ? ምንም ድምፅ የለውም። በማግስቱ ኅዳር ሲታጠን ጭሱ ከእንቅልፍ ማጣቱ ጋር ተደምሮ ራሴን ሲፈልጠኝ ዋለ።

ለፋሲካ የምትደውለው በማግስቱ ነው። ለእንቁጣጣሽ በጽሑፍ ነው። ለበረዶ ግን ሌሊት ትቀሰቅሰኛለች። በረዶ አይቼ አላውቅም እንዴ? ዶሮ ማነቂያ ሳለን፣ ነሐሴ ላይ ቆርቆሮውን ሲቀጠቅጠው ጎን ለጎን ተቀምጠን እንኳ አንሰማማም ነበር። ቤቱ ፈርሶ አሁን አራት ኪሎ ኮንዶሚኒየም ነኝ። አምና ክረምት “የቆርቆሮውን ድምፅ ቅጂልኝ” ብላኝ ነበር። ኮንዶሚኒየም ላይ የምን ቆርቆሮ ብዬ ተውኩት። ከሕንፃው ሥር በቆርቆሮ ጥላ ቡና የምታፈላዋ ልጅም ስነግራት ሳቀች።

የመጀመሪያው ዓመት እንኳ ይሻል ነበር። ያኔ በረዶውን አይታ አለቀሰች፤ እስኪነጋ ሳዋራት አደርኩ። ዘንድሮ ግን “ደክሞኛል” ብዬ ዘጋሁባት። ከዚያ ወዲህ እኔው እንቅልፍ አጣሁ። ልጄ ስትስቅ ለምን ይከፋኛል? ክፉ እናት ሆኜ ይሆን?

እንቅልፍ ያጣሁ፣ ከአራት ኪሎ

እናቴ፣

ሰዓቱን ይተዉት። “የመጀመሪያው ዓመት እንኳ ይሻል ነበር” ያሉትን ግን ደግመው ያንብቡት። ያኔም ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነበር። ያኔም ብርድ ነበር። ስታለቅስ እስኪነጋ አዋሯት፤ ስትስቅ ዘጉባት። ይህን ስጽፍ ትንሽ ተናድጄብዎታለሁ፣ አይቀየሙኝ።

ክፉ እናት አይደሉም። ስታለቅስ ትመለሳለች ብለው ይጠብቁ ነበር። ስትስቅ አገሩን የለመደችው መሰለዎት። ልክ ነዎት፣ ለምዳዋለች። ታዲያ ምን ትሁን? ከኅዳር እስከ መጋቢት በረዶ በሚጥልበት ከተማ 6 ዓመት ሙሉ ስታለቅስ ትኑርልዎ?

ደግሞም አይተውት አያውቁም። ሁለቱንም “በረዶ” ስለምንላቸው ነው የተሳሳቱት። የእኛው ጠጠር ነው፤ ነጎድጓዳማው ደመና ውስጥ ነፋሱ ወደ ላይ እየመለሰው፣ ውሃ በላዩ እየረጋበት ይጠጥራል። ስለዚህ ይቀጠቅጣል። የእነሱ ግን እንፋሎቱ ውሃ ሳይሆን በቀጥታ የረጋ ነው፤ እንደ ተባዘተ ጥጥ ይወርዳል። አዲስ የወደቀው በመሃሉ አየር ስለሚይዝ የመኪናውንም የሰውንም ድምፅ ይውጠዋል። “ዝም ብለሽ ስሚ” ያለችዎ ይህንኑ ነው። በቆርቆሮ ጩኸት ያደገች ልጅ ድምፅ የሌለው በረዶ ስታገኝ ለማን ትንገር? እዚያ ተወልዶ ላደገ ሰው ምኑ ይገርመዋል? ዶሮ ማነቂያ ከጎኗ ለተቀመጠ ሰው እንጂ።

የፋሲካውን ነገር አልከላከልላትም። ይቆጧት፣ መብትዎ ነው።

ዛሬ ግን እርስዎ ይደውሉ። ማታ 3 ሰዓት ላይ ቢደውሉ እዚያ ቀትር ነው። ይቅርታ ምናምን አያስፈልግም፤ “በረዶው እንዴት ሆነ?” ይበሏት፣ ይበቃታል። ክረምት ሲገባ ደግሞ፣ ሰማዩ በእንጦጦ በኩል ሲጠቁር ስልክዎን ይዘው ይውረዱ። ከዚያች ከሳቀችብዎ ልጅ ጥላ ሥር አንድ ስኒ ቡና አዝዘው ይጠብቁ። ቆርቆሮው መጮህ ሲጀምር ይቅዱት። እንዳያወሩበት ብቻ።