የቆሸሸ ገንዘብና የጥብቅና ቢሮ፦ ጥያቄና መልስ

በወንጀል የተገኘ ገንዘብን ሕጋዊ አስመስሎ ማቅረብን የሚከላከሉ ደንቦች የጥብቅና ቢሮን አሠራር እንዴት እንደሚለውጡ ከጠበቆች ለተነሱ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ክርክር ብቻ ነው የምንሠራው። እኛንም ይመለከታል?

መልስ፦ በኤፍኤቲኤፍ (የቆሸሸ ገንዘብን ለመከላከል ለአገሮች መለኪያ የሚያወጣ ዓለም አቀፍ አካል) ምክረ ሐሳብ 22 ወሳኙ የሥራው ዓይነት ነው፦ የማይንቀሳቀስ ንብረት ግዢና ሽያጭ፣ የደንበኛን ገንዘብ ወይም የባንክ ሒሳብ ማስተዳደር፣ ኩባንያ ማቋቋም። ክርክር ብቻውን እዚህ ውስጥ የለም። የአገራችሁ ሕግ ግን ሊያሰፋው ይችላልና እሱን አስቀድሙ።

ጥያቄ፦ ስድስት ጠበቆች ነን። የደንበኞችን ማንነት ለማጣራት አንድ ወጣት ሠራተኛ ብንቀጥር ይበቃል?

መልስ፦ ሰነድ ለመሰብሰብ ይበቃል፤ እምቢ ለማለት ግን አይበቃም። ብዙ ቢሮ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ደንበኛውን ያመጣው ሸሪክ «አውቀዋለሁ፣ ክፈቱለት» ሲል ወጣቱ ምን አቅም አለው? ኃላፊነቱን ከሸሪኮች አንዱ ይያዝ። ማጣራቱ ሳይፈረም የመዝገብ ቁጥር አይሰጥ፤ ገንዘብም አይግባ። ኃላፊው ከከለከለ፣ ቅሬታውን ከዚያ ደንበኛ ክፍያ ድርሻ የሌለው ሌላ ሸሪክ ይየው። አበል የሚታሰበው ባመጡት ገቢ ብቻ ከሆነ ደግሞ የትኛውም ሥልጠና አያድናችሁም፤ ሰው ወደሚከፈለው ያደላል።

ጥያቄ፦ የኩባንያ ደንበኛን እውነተኛ ባለቤት ስንፈልግ የት እንቁም?

መልስ፦ ሥጋ ለባሽ ሰው ላይ። ብዙ አገሮች የ25 በመቶ ድርሻን መነሻ ያደርጋሉ። አንድ ሰው የ«ሀ» ኩባንያ 60 በመቶ ቢኖረው፣ «ሀ» ደግሞ የደንበኛችሁን 50 በመቶ ቢይዝ፣ የሰውየው ድርሻ 30 በመቶ ነው። የመጀመሪያውን እርከን ብቻ ያየ ሰው «ሀ»ን ጽፎ ይዘጋዋል። ድርሻ ሳይኖረው ዳይሬክተሮችን የሚሾምና የሚሽር ካለም እሱንም መዝግቡ።

ጥያቄ፦ ጀማሪ ጠበቆቻችን ቢጠረጥሩም ደፍረው አይናገሩም። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ፍርዱን ከትከሻቸው አንሱላቸው። የጀማሪው ድርሻ ያየውን በዚያው ቀን ለኃላፊው በጽሑፍ ማድረስ ነው። ጉዳዩ በጠበቃና በደንበኛ ምስጢር የተጠበቀ ነው ወይስ ለመንግሥት የሚቀርብ ነው የሚለውን የሚወስነው ኃላፊው ነው። ማስታወሻው በደንበኛው መዝገብ ውስጥ አይቀመጥ፤ መዝገቡ ነገ ለደንበኛው ሊሰጥ ይችላል። ሪፖርት መቅረቡን ለደንበኛው መንገር ክልክል ነው። ሕገወጥ ነገር እንዳይሠራ መምከር ግን በኤፍኤቲኤፍ መለኪያ ምስጢር ማሾለክ አይባልም፤ ይህን ቀድማችሁ ንገሯቸው፣ ብዙዎች የሚፈሩት ይህንኑ ነው።

ጥያቄ፦ ሰነዱ እስከ መቼ ይቀመጥ?

መልስ፦ ግንኙነቱ ካበቃ በኋላ ቢያንስ 5 ዓመት።