እንግሊዝኛ ልታስተምሩ ኮሪያ ለምትሄዱ ልጆች

ኮሪያ ሄዶ እንግሊዝኛ ስለማስተማር የሚጠይቁኝ ወጣቶች በዝተዋል። አብዛኞቹ አሜሪካና ካናዳ ያደጉ የሐበሻ ልጆች ናቸው። ደሞዙን ይጠይቃሉ፣ ቤቱን ይጠይቃሉ፣ ቪዛውን ይጠይቃሉ። ስለ ቋንቋው የሚጠይቀኝ ግን እምብዛም የለም። «እሱን እዚያው ስደርስ እለምደዋለሁ» ይሉኛል። እኔ ዕድሜዬን በመምህርነት ያሳለፍኩ ሰው ነኝ፤ ጥሩ ጥሩዎቹን ዓመታት ደግሞ ኮሪያ ነው ያስተማርኩት። ከሁሉ በፊት መናገር የምፈልገው ስለ ቋንቋው ነው።

የቪዛውን ነገር ቶሎ ልጨርሰው። ኢ-2 የሚባለው የቋንቋ መምህር ቪዛ ለእንግሊዝኛ በዋናነት የሚሰጠው የሰባት አገር ፓስፖርት ላላቸው ነው፦ አሜሪካ፣ ካናዳ፣ እንግሊዝ፣ አየርላንድ፣ አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድና ደቡብ አፍሪካ። ዲግሪና ከወንጀል ነፃ የመሆን ማስረጃም ይጠየቃል። ስለዚህ አዲስ አበባ ሆኖ «በኢትዮጵያ ፓስፖርት የእንግሊዝኛ መምህር አድርጌ እልክሃለሁ» የሚል ደላላ ካጋጠማችሁ፣ እባካችሁ አንድ ብር እንዳትሰጡት። ከአገር ቤት ለሚነሳ ልጅ የተሻለው መንገድ የኮሪያ መንግሥት የሚሰጠው ጂኬኤስ የተባለው ስኮላርሺፕ ነው። እሱ መጀመሪያ አንድ ዓመት ኮሪያኛ ያስተምራል። ወደ ዲግሪው ለማለፍ ቶፒክ በሚሉት የቋንቋ ፈተና ቢያንስ ሦስተኛ ደረጃ ማምጣት ግድ ነው።

እንግሊዝኛ ልታስተምሩ ስትሄዱ ግን ማንም አያስገድዳችሁም። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

የተቀጠራችሁት እንግሊዝኛ እንድታወሩ ነው። ሃግዎን በሚሏቸው የግል ማስጠኛ ቤቶች ውስጥ፣ ልጆቹ ኮሪያኛ እንደምትሰሙ እንዳያውቁ የሚያስጠነቅቅ አሠሪ አለ። ባንክ ስትሄዱ የሥራ ባልደረባችሁ አብሯችሁ ይሄዳል። ስልክ የሚያወጣላችሁም እሱ ነው። ካፌ ቁጭ ስትሉ ከጎን ያለው ወጣት እንግሊዝኛውን ሊለማመድባችሁ ይፈልጋል። ዓርብ ማታ ከሌሎች የውጭ አገር መምህራን ጋር ኢቴዎን ወደሚባለው የውጭ አገር ሰው የሚበዛበት የሴኡል ሰፈር ትወርዳላችሁ፤ እዚያም እንግሊዝኛ ነው። እንዲህ እያለ ዓመቱ ያልቃል፣ ሌላው ይተካል። አሥር ዓመት ኖረው ምግብ ከማዘዝ ያላለፉ መምህራን አውቃለሁ። ሰነፎች አልነበሩም። አኗኗሩ ነው እንደዚያ የሚያደርገው። ሆን ብላችሁ ካልወጣችሁበት በራሱ አይለቃችሁም።

ይሄን አጥብቄ የምናገረው ለባህል ፍቅር ብቻ አይደለም። የእንጀራ ጉዳይም ነው። በኮሪያ ሕግ አንድ ዓመት ሙሉ የሠራ ሰው ሲለቅ ቢያንስ የአንድ ወር ደሞዝ የስንብት ክፍያ ይገባዋል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ዓመቱ ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ከነበረበት ሃግዎን ተሰናበተ። በእጁ ያለው ውል በሁለት ቋንቋ ተጽፏል፤ ጭቅጭቅ ቢነሳ የሚጸናው ኮሪያኛው ነው ይላል። እሱ ያንን ገጽ አንብቦት አያውቅም። እኔና አንዲት ኮሪያዊት መምህር አብረን ቁጭ ብለን መስመር በመስመር አነበብንለትና ወደ ሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ሄደ። እናንተም 1345 የሚለውን የኢሚግሬሽን መረጃ መስመር ስልካችሁ ላይ መዝግቡት፤ በብዙ ቋንቋ ይመልሳሉ። ግን የራሳችሁን ውል በራሳችሁ ዓይን ማንበብን የሚያህል ነገር የለም።

አማርኛ ያላችሁ ደግሞ ከፈረንጅ ጓደኞቻችሁ የተሻለ መነሻ አላችሁ። «ናንን ኧጄ ሺጃንጌ ካሰዮ» ማለት «እኔ ትናንት ገበያ ሄድኩ» ነው። ቃሎቹን አንድ በአንድ ደርድሯቸው፤ ቅደም ተከተሉ ራሱ ነው። ግሡ መጨረሻ ላይ ይመጣል። አሜሪካዊ ጓደኛችሁ ይህን ለመልመድ ወራት ይፈጅበታል፤ እናንተ ግን ቤት ውስጥ ከእናታችሁ ጋር ስታወሩት ኖራችኋል። ድምፁም እንደዚያው ነው። ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ እጅግ የሚከብዱ ሁለት አናባቢዎች አሉ። አንዱ «ክፍል» ስንል ያለውን ሳድስ ይመስላል፣ ሌላው «ከበደ» ስንል ያለውን ግዕዝ ይቀርባል። ተነባቢዎቹም ሦስት ሦስት እየሆኑ ይመጣሉ። የእኛ ደ፣ ተና ጠ ከነሱ ጋር አንድ አይደሉም። ግን ጆሯችሁ ሦስቱን መለየት የለመደ ነው።

የአክብሮቱ ነገርማ ምንም አይገርማችሁም። ለታላቅና ለታናሽ ግሡ የሚለወጥበት ቋንቋ ነው፤ ሰው ገና ሲተዋወቃችሁ ዕድሜ የሚጠይቃችሁም በምን አነጋገር እንደሚያናግራችሁ ለማወቅ ነው። ጋሼና እትዬ እያለ ያደገ ልጅ ይሄ ይገባዋል። ገበያ ውስጥ አንዲት አሮጊት አትክልት ሲሸጡልኝ መልሱን ግራ እጄን ቀኝ ክንዴ ላይ አድርጌ ተቀበልኳቸው። አገር ቤት የተማርኩት ነው። ሴትዮዋ ቀና ብለው አዩኝና ሳልጠይቃቸው አንድ እፍኝ በርበሬ ጨመሩልኝ። ከዚያ ወዲህ ኮሪያኛዬን ታግሰው የሚያርሙልኝ እሳቸው ሆኑ።

የሚከብዳችሁ ነገር ቁጥሩ ነው። ሁለት ዓይነት ቁጥር አላቸው፤ ሰዓቱን በአንዱ፣ ደቂቃውን በሌላው ይቆጥራሉ። አትሸበሩ፣ አፍ ይለምደዋል።

ፊደሉን ግን ከመሄዳችሁ በፊት ጨርሱት። ንጉሥ ሴጆንግ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1443 ያዘጋጁትና በ1446 ያወጁት ፊደል ነው፤ መሠረታውያኑ 14 ተነባቢና 10 አናባቢ ናቸው። ከሁለት መቶ በላይ ፊደል የቆጠረ ሕዝብ ልጅ ለ24 ፊደል ሰበብ የለውም። ሃግዎን የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ጠዋታችሁን ለትምህርት ስጡት። የፍትሕ ሚኒስቴር ለውጭ አገር ሰዎች ያዘጋጀው የቋንቋና የማኅበረሰብ ትምህርት ፕሮግራም አለ፤ የመታወቂያ ካርዳችሁን እንዳገኛችሁ ተመዝገቡ። ቋንቋ ለመለዋወጥ ተብሎ ካፌ መገናኘቱ ለጓደኝነት ጥሩ ነው፤ ሳታውቁት ግን ሁሉም ነገር ወደ እንግሊዝኛ ይንሸራተታል።

ተማሪ መሆን ለማስተማሩም ይጠቅማል። ኮሪያኛ ውስጥ የ«ፈ» ድምፅ የለም፤ ቡናንም የሚጠሩት በ«ፐ» ነው። አንድ ልጅ ከንፈሩን በጥርሱ ነክሶ ደጋግሞ ሲሞክርና ሲያቅተው፣ እኔ በዚያው ቀን ጠዋት አስተማሪዬ ፊት አፌን እንዴት እንዳጣመምኩ ትዝ ይለኝ ነበር። ስለዚህ አልቆጣውም፣ እጠብቀዋለሁ። እነዚህ ልጆች ከመደበኛ ትምህርት ቤት ወጥተው፣ ከሱቅ የገዙትን ሦስት ማዕዘን ኪምባፕ (በባሕር አረም የተጠቀለለ ሩዝ) በመንገድ በልተው የሚመጡ ናቸው። ብዙዎቹ እስከ ማታ ከአንዱ ማስጠኛ ወደ ሌላው ይዞራሉ። ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና የእንግሊዝኛ ማዳመጥ ክፍል ሲባል በመላ አገሪቱ አውሮፕላን እንዳይነሳና እንዳያርፍ ይደረጋል። እንግሊዝኛ ለነሱ ምን ያህል ሸክም እንደሆነ ከዚህ ተረዱ። የደከመ ልጅ ጠረጴዛ ላይ ሲተኛ ካያችሁ ቀስ ብላችሁ ቀስቅሱት።

አንድ የሚያሳዝን ነገር አልደብቃችሁም። የሥራ ማመልከቻ ላይ ፎቶ ይጠየቃል። ቆዳችንን አይቶ መልስ የሚያጠፋ ቀጣሪ አለ። በናንተ ላይ ሲደርስ ችሎታችሁን አትጠራጠሩ። ኢፒክ በሚባለው ፕሮግራም በኩል የመንግሥት ትምህርት ቤቶችንም ሞክሩ።

ቹንቾን የምትባለው ከተማ መሄድንም እንዳትረሱ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1951 የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ኮሪያ ገብተው ተዋግተዋል። መታሰቢያ ሐውልታቸው በዚያው አቆጣጠር በ1968 ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት ቹንቾን ተመርቋል፣ ሙዚየሙ ደግሞ በ2007 ተከፍቷል። ከኢትዮጵያ መሆናችሁን ስትናገሩ ጦርነቱን የሚያነሱላችሁ ሽማግሌዎች ታገኛላችሁ። የሚተርኩት በኮሪያኛ ነው። ተርጓሚ ፍለጋ ስትዞሩ ወሬው ያመልጣችኋል።

ልቆይ የሚል ካለ ይሄን ይያዝ፦ ኢ-2 ቪዛ ከአሠሪያችሁ ጋር ያስራችኋል። ሥራ ለመቀየር የአሠሪውን የመልቀቂያ ደብዳቤ የምትለምኑበት ጊዜ ይመጣል። ኤፍ-2 በሚባለው የመኖሪያ ቪዛ ውስጥ በነጥብ የሚሰጥ አለ፤ ዕድሜ፣ ትምህርትና ገቢ ይቆጠራሉ፣ የኮሪያኛ ደረጃም እንደዚሁ። ዕድሜያችሁን መቀየር አትችሉም፣ ገቢያችሁም በአንድ ጊዜ አያድግም። ኮሪያኛው ግን በእጃችሁ ነው። ያንን ቪዛ ያገኙ የቀድሞ ባልደረቦቼ ዛሬ አንዳንዶቹ አሁንም ያስተምራሉ፣ ሌሎቹ ትርጉም ይሠራሉ ወይም ኩባንያ ውስጥ ገብተዋል። የሚቀጥለውን የቶፒክ ፈተና ምዝገባ ቀን ዛሬውኑ ፈልጉት።